የዳንኩት ስለበረታሁ አይደለም

እብናት ላይ የሳይንስ መምህር ነኝ። በ2011 ዓ.ም. የምላስ ካንሰር ይዞኝ፣ የምላሴ ሲሶ ያህሉና በአንገቴ ቀኝ በኩል ያሉት ዕጢዎች በቀዶ ጥገና ወጥተው፣ ይህን ለመጻፍ በቅቻለሁ። ሰንበቴ ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት ሰው ሲያገኘኝ የሚለው አይለዋወጥም፦ «አንተ ብርቱ ነህ፤ እግዜርም መርጦ አተረፈህ።» ለምርቃቱ አሜን እላለሁ። ለምስክርነት ከተጠራሁ ግን በዚህ ቃል ላይ መፈረም አልችልም። ሆስፒታል አጠገቤ ተኝቶ የነበረው የፎገራ ገበሬ ከእኔ ይልቅ ብርቱ ነበር፤ ከእኔ ይልቅም ይጸልይ ነበር። በሽታችን አንድ ነው፣ ዕድሜያችንም ይቀራረባል። እሱ አልተረፈም። ከእሱ የለየኝ ምን እንደሆነ ሐኪሞቹ በሴንቲ ሜትር ለክተው ነግረውኛል፤ የምመሰክረውም ይህንኑ ነው።

የጀመረኝ በዐቢይ ጾም መግቢያ ሰሞን ነው። ሽሮ ስበላ በርበሬው የምላሴን የቀኝ ጠርዝ ይለበልበኝ ጀመር። በመስታወት ሳየው ከኋላ መንጋጋዬ ትይዩ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ቁስል አለች፤ ዙሪያዋ ነጣ ብሏል። በርበሬ ካልነካት አታመኝም። ባለቤቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨመቀችልኝ። እናቴ ጸበል አስመጣችልኝ። ባልደረቦቼ በጨው ውሃ ተጉመጥመጥ አሉኝ። ጾሙ ሲገፋ ከሳሁ፤ በሁዳዴ ያልከሳ ማን አለና ማንም ልብ አላለኝም።

ከዚያ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ቁስሉ ከተሸረፈው መንጋጋዬ ጋር እንደሚፋተግ ታየና ጥርሱ ተነቀለ፤ የሚዋጥ መድኃኒትና ጂቪ የሚባለው ሐምራዊ ቅብ ተሰጠኝ። የተሸረፈ ጥርስ ምላስ ማቁሰሉ እውነት ነው። ጥርሱ ከተነሳ በኋላ ግን ቁስሉ በሁለት፣ ግፋ ቢል በሦስት ሳምንት መድረቅ ነበረበት። የአፍ ውስጥ ልባስ ከቆዳ ይልቅ ፈጥኖ ይታደሳል፤ ትኩስ ቡና የላጠው ምላስ በቀናት ውስጥ እንደሚሽር ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ ሦስት ሳምንት አልፎት ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ ሰበቡ ምንም ይምሰል፣ ናሙና ተወስዶለት መመርመር አለበት። ይህን ደንብ የሰማሁት ደብረ ታቦር ነው።

ደብረ ታቦር የወሰደኝ የመምህራን ሥልጠና ነበር። በዕረፍት ሰዓት ወጥቼ ያገኘኋት ወጣት የጥርስ ሐኪም ቁስሉን በዓይኗ ብቻ አይታ አልተወችውም። ጓንት አጥልቃ ምላሴን በሁለት ጣቶቿ መካከል ጨበጥ ጨበጥ አደረገችው። እስከዚያ ድረስ ያየኝ ሰው ብዙ ነበር፤ የነካኝ ግን አልነበረም። ተራ ቁስል ሥሩ ለስላሳ ነው። የእኔ ሥሩ ድድር ያለ፣ ዳሩም ወደ ላይ ገልበጥ ያለ ነበር። አንገቴን ግራና ቀኝ ከዳበሰች በኋላ፣ «ጆሮዎን ያምዎታል እንዴ?» አለችኝ። ደነገጥኩ። የቀኝ ጆሮዬ ለሳምንታት ይወጋኝ ነበር፤ ብርድ መስሎኝ ራሴን በጋቢ ጠቅልዬ ነበር የምተኛው። የምላስ ሕመም በነርቭ መንገድ ዞሮ ጆሮ ላይ እንደሚሰማ ያስረዳችኝ እሷ ናት። ሪፈር ጻፈችልኝና «ነገ ይሂዱ» አለችኝ፤ ድምጿ ውስጥ ማባበል አልነበረበትም።

የአፍ ካንሰር ከአሥሩ ዘጠኙ ከአፍ ልባስ የሚነሳ፣ ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባል ዓይነት ነው። ብልሃቱ ሲጀምር አለማመሙ ነው። ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ሽፋን ሆኖ ይጀምራል፤ ወይም ከነጩ ይበልጥ የሚያሰጋ ቀይ ገጽ ሆኖ ይመጣል። አንዳንዱ ላይ ድዱ ደህና መስሎ ሳለ ጥርስ ይነቃነቃል፤ ሌላው ላይ ከንፈርና አገጭ ይደነዝዛል። ምግብ ማነቅ፣ አፍ እንደ ልብ አልከፈት ማለት፣ አንገት ላይ የማያም ጠጣር ንፍፊት መውጣት ሲከተሉ በሽታው ርቆ ሄዷል ማለት ነው። ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሮጠው ግን ብዙውን ጊዜ በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ነው።

ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ ያገኘሁት ሐኪም ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነበር፦ ትምባሆ? ሱረት? አረቄ? ጫት? ትምባሆ፣ ሲጨስም ሲታኘክም፣ የዚህ በሽታ ዋነኛ አምጪ ነው። አልኮል ይከተለዋል። ሁለቱ በአንድ ሰው ሲገናኙ ጉዳቱ ድምር ሳይሆን ብዜት ነው፤ አልኮሉ የአፍን ልባስ አሳስቶ ለትምባሆው መርዝ በር ይከፍትለታል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስም፣ አልኮልን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅም የተከለከለው እኔ በታመምኩበት ዓመት ነው፤ አዋጁ ግን በየጓሮው የሚወጣውን አረቄ አያየውም። እኔ ትምባሆ አላውቅም፤ አረቄ ደግሞ በዓልና ሠርግ ላይ እቀምስ ነበር። የፎገራው ሰውም ሲጋራ አፉ ገብቶ አያውቅም። ሳያጨሱና ሳይጠጡ በዚህ በሽታ የሚያዙ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ «እኔን አያገኘኝም» የሚያሰኝ ጥጋብ ለማንም አይበጅም፣ «ምን አድርጎ ነው?» የሚል ሐሜትም ለታማሚ አይገባም።

ሪፈሩን ይዤ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአዲስ ዘመንና በወረታ አድርገን ባሕር ዳር ወረድን። ምላሴ ተደንዝዞ ከቁስሉ ዳር ቅንጣት ሥጋ ተወሰደ። ውጤቱ የደረሰ ቀን ሐኪሙ ወንድሜን ለብቻው ጠራው። በአገራችን መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ እንደሚነገር ሁሉ፣ የነቀርሳ ወሬም አስቀድሞ ለአስታማሚ ነው የሚነገረው። ወንድሜ ወረቀቱን ከጋቢው ሥር ሸጉጦ ወጣና፣ «ትንሽ ቁስል ናት፤ አዲስ አበባ ቢያዩት ይሻላል ብለዋል፤ ቸኩሎም አያስቸኩልም» አለኝ። ዓይኑን ግን ከእኔ አሸሸ። ሌሊት አልጋ ቤት ውስጥ እንቅልፍ ሲወስደው ወረቀቱን አወጣሁት። የሳይንስ መምህር መሆኔን ረስቶት ነበር። የበሽታዬን ስም በኮሪደር መብራት ቆሜ አነበብኩት።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ «አንብቤዋለሁ» ስለው ጉርሻው ከእጁ ወደቀ። አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንዳችን ለሌላው መዋሸት ስላልነበረብን ነገሩ ፈጠነ። እሱ በሬ ሸጠ። መምህራኑ ከደመወዛቸው አዋጡ። ዕድራችን ለሟች የተቀመጠውን ገንዘብ ከደንቡ ወጥቶ ለሕያው ሰው አበደረ። «አያስቸኩልም» የተባለው ጉዞ በዚያው ሳምንት ሆነ። የዓባይን በረሃ ስናቋርጥ ወንድሜ እንደ ልጅነታችን እጄን ይዞኝ ነበር።

ቀዶ ጥገናው የተደረገልኝ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ከመግባቴ በፊት ቀዶ ሐኪሙ አስቀምጦ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው፣ ቁስሉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጤነኛ ሥጋ ጨምሮ እንደሚያወጣ ነው፤ ከዳር የቀረች አንዲት ቅንጣት መልሳ ትበቅላለችና። ሁለተኛው፣ በምርመራ ምንም ያልታየበትን አንገቴን ከፍቶ ዕጢዎቹን እንደሚያወጣ ነው። ይኼኛው አልዋጥ አለኝ። ያልታመመ አንገት ለምን ይቆረጣል?

መልሱ ከሙምባይ ነው። ሕንድ ውስጥ በታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል የተካሄደና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደ እኔ ያሉ፣ በሽታው ገና ወደ አንገት መድረሱ ያልታየባቸውን 500 ታማሚዎች ተከታትሏል። ለግማሾቹ አንገታቸው አብሮ ተሠራ፤ የቀሩት ንፍፊት እስኪወጣባቸው ተጠበቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ አንገታቸው ቀድሞ ከተሠራላቸው ከ100 ሰዎች 80 በሕይወት ሲገኙ፣ ከተጠበቁት ግን 67 ያህል ብቻ ነበሩ። የምላስ ካንሰር ዓይንም ጣትም ሳያገኘው አንገት ውስጥ ሊሸሸግ ይችላል ማለት ነው። ቁጥሩን ስሰማ ፈረምኩ።

የወጣው ሥጋ ተመርምሮ ሲመጣ ስፋቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ ስድስት ሚሊ ሜትር ነበር። ዳሩ ንጹሕ ነው፤ ከአንገቴ ዕጢዎችም አንዱ እንኳ በበሽታው አልተነካም። በሐኪሞች አከፋፈል ይህ ሁለተኛ ደረጃ ነው። እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሰፍቶ ከአምስት ሚሊ ሜትር ያልጠለቀው አንደኛ፣ እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ሰፍቶ ከአሥር ሚሊ ሜትር ያልጠለቀው ሁለተኛ ይባላል። ከዚያ ካለፈ ወይም አንድ የአንገት ዕጢ ከነካ ሦስተኛና ከዚያ በላይ ይሆናል። አንድ ዕጢ መነካቱ ብቻ የመትረፍን ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ሐኪሞች ይናገራሉ። በአሜሪካ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ከተነሳበት ቦታ ሳይወጣ ከተገኘባቸው 100 ሰዎች ከ85 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ይሻገራሉ፤ ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተዛመተ ግን የሚሻገሩት ቁጥር ወደ 40 ይወርዳል። ያ ሁሉ መድኃኒትና ማሽን ባለበት አገር እንኳ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ዕዳው አይሰረዝለትም።

የፎገራው ሰው ቁስል የጀመረው ከእኔ ጥቂት ወራት ቀድሞ ነው። የጤና መድን ደብተር ነበረው፤ ወረዳው መድኑ በአገር ደረጃ ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበርና ካርዱን በኩራት ነበር የሚያሳየን። ናሙናም ተወስዶለት ነበር። ውጤቱ ግን ለልጆቹ ተነገረና እዚያው ቀረ። ልጆቹ አባታቸው እንዳይደነግጥ ብለው «ቁስል ነው፤ ይድናል» አሉት። እሱም እንደሚድን ቁስል ጠበቀው። ሩዙን ዘራ፣ አረመ፣ ጸበሉን ጠጣ። አዲስ አበባ ሲደርስ አንገቱ ላይ የነበረው ንፍፊት የዕንቁላል ያህል ሆኖ ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ነበር።

እሱም ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ የእሱ ግን በዚያ የሚያበቃ አልነበረም። ጨረር ያስፈልገዋል። ያኔ በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥ አንድ ማዕከል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ጅማን በመሳሰሉ ከተሞችም ማሽን ተተክሏል። የጨረር ሕክምና በሳምንት አምስት ቀን እየተሰጠ ስድስት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ከፎገራ የመጣ ገበሬ ተራው እስኪደርስና ሕክምናው እስኪያልቅ የት ያድራል? በደም ካንሰር ባጡት ልጃቸው ስም ወላጆች ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ አለው፤ ማረፊያ ቢገኝም በሽታው ግን ተራ አይጠብቅም። ተራው ሳይደርስ በሽታው አንገቱ ላይ ተመለሰ። የገና በዓል ሳይደርስ አረፈ። ለቅሶ ስደርስ የበኩር ልጁ «እንዳይፈራ ብለን ነው» አለኝ። ጥፋት አላየሁበትም፤ እኔ ልጅ ብሆን ያንኑ ባደረግሁ ነበር። አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ከሞት መትረፍ አንድ ነገር ነው፤ ከተረፉ በኋላ መኖር ሌላ ሥራ ነው። መጀመሪያ በአፍንጫዬ በገባ ቱቦ ወተትና አጥሚት ተመገብኩ። ቱቦው ከወጣ በኋላ ተልባና የላላ ገንፎ መዋጥ ተማርኩ፤ ምግቡን ወደ ግራ ጉንጭ መላክ፣ አገጭን ደፋ አድርጎ መዋጥ። እንጀራ ለመብላት በወጥ እስኪርስ መጠበቅ ነበረብኝ። በርበሬ ለረጅም ጊዜ አልቀመስኩም።

ንግግሬ ይበልጥ ከበደኝ። ከንፈር የሚሠራቸው በ፣ መ እና ፈ አልተነኩም፤ ጉሮሮ የሚሠራቸው ሀ እና አም ደህና ናቸው። ምላስ ጫፉንና ጎኑን አንስቶ የሚሠራቸው ግን ተበላሹ። ሰ ወደ ሸ አዘነበለች፤ ጠ እና ጸ ተደበላለቁ፤ ረ ጭራሽ ጠፋች። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአካባቢያችን ስላልነበረ አንደኛ ክፍል የገባችው ልጄ የፊደል ገበታዋን ይዛ አስተማሪዬ ሆነች። «ረ፣ ሩ፣ ሪ» ትላለች፤ እከተላታለሁ። ስሳሳት ያለ ርኅራኄ ታርመኝ ነበር፤ አዋቂዎቹ ሁሉ የገባቸው እየመሰሉ ሲያልፉኝ እሷ ብቻ «አልተሰማኝም፣ ድገመው» ትለኝ ነበር። ወደ ክፍል ስመለስ «ፎቶሲንተሲስ» ማለት አቃተኝ። ወደ መጽሐፉ አማርኛ ልሽሽ ብዬ «ብርሃን አስተፃምሮ» ስል የባሰ ሆነ። ተማሪዎቼ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ቃሉን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት።

መጻፉም ቀላል አልነበረም። አንገት ሲሠራ ትከሻን የሚያነሳው ነርቭ ይጎዳል፤ ቀኝ እጄ ከትከሻዬ በላይ አልወጣ ስላለ ሰሌዳውን የምጠቀመው ከወገቡ በታች ነበር። ጣቶቼን በግድግዳ ላይ እንደ መሰላል እያወጣሁ ነው ክንዴን መልሼ ያሠራሁት። የቀኝ ጆሮዬ ጫፍ ግን ዛሬም ደንዝዟል።

የዚህ በሽታ መመለስ በአብዛኛው የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው፤ ስለዚህ በዚያ ጊዜ ክትትሉ ጠበቅ ይላል። የእኔ ሁለት ዓመታት ደግሞ ከኮሮና ጋር ተገጣጠሙ። በመጋቢት 2012 የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ ሲገኝ መጓጓዣው ተቆራረጠ። በአንጻሩ ሰው ሁሉ አፉን ሲሸፍን የእኔ ጠባሳ ተሸፈነ፤ የሁሉም ንግግር ሲታፈን የእኔ መታፈን አልታወቀም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲጠፋ የአፌን ፎቶ መላክ እንኳ አልቻልኩም። ደብረ ታቦር መድረስ ስችል እዚያ እየታየሁ፣ ስልክ ሲሠራ ለቀዶ ሐኪሜ እየተናገርኩ አምስተኛውን ዓመት ተሻገርኩ።

እብናት ማን ተረፈ፣ ማን አልተረፈም የሚለውን ነገር ከእኔ በፊት ታውቃለች። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከተማችን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ረሃብተኞች የተጠለሉባት የእርዳታ ጣቢያ ነበረች፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሰዉ በግድ እስኪበተን ድረስ። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ከበለሳ በኩል የመጡት፣ ገና በእግራቸው መቆም ሲችሉ የተነሱት፣ አብዛኞቹ ዳኑ። ከብቱ እስኪያልቅ፣ ዘሩ እስኪበላ ቤታቸው የቆዩት ደርሰው ነው የሞቱት። የሞቱትን ደካማ ነበሩ የሚል ሽማግሌ ሰምቼ አላውቅም። «ሳይነገራቸው ቆዩ፤ እህል መምጣቱን ዘግይተው ሰሙ» ነበር የሚባለው። በካንሰር ስለሚሞቱትም እንዲህ ብንናገር ፍትሕ ነው።

የሚደረግ ነገር አለ። በሕንዷ ኬረላ ወደ 190 ሺህ ሰዎች በተካተቱበትና በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ሐኪም ያልሆኑ የሠለጠኑ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ የሰዉን አፍ በዓይን መረመሩ። ትምባሆ ወይም አልኮል በሚወስዱት መካከል የአፍ ካንሰር ሞት በ34 ከመቶ ቀነሰ። በመሣሪያነት ያስፈለጋቸው ብርሃንና ዓይን ነው። የእኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየጎጡ ደጃፍ መመላለስ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ የሕፃን ክንድ የሚለኩ እጆች አፍ ከፍተው ማየት አያቅታቸውም።

እኔ በየዓመቱ ስለ ስሜት ሕዋሳት ሳስተምር አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚሁ አውላለሁ። ተማሪዎቼ ቤታቸው ሄደው የአባታቸውንና የእናታቸውን አፍ በፀሐይ ብርሃን እንዲያዩ አዛቸዋለሁ፦ ምላስን በንጹሕ ጨርቅ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስቦ ጎኑን ማየት፣ ከምላስ ሥር፣ ከጉንጭ ውስጥ፣ ድድን ዙሪያውን፣ ከዚያም አንገትን ከጆሮ ሥር እስከ ግርጌው መዳበስ። ሦስት ሳምንት ያለፈው ቁስል፣ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ገጽ፣ ጠጣር ንፍፊት ካገኛችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው እላቸዋለሁ። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ በሽታው የማን እንደሆነ አትርሱ፤ ለባለቤቱ ንገሩት። ያወቀ ሰው በሬውን ይሸጣል፣ እርሻውን ለወንድሙ አደራ ይሰጣል፣ አውቶቡስ ይሳፈራል።